ዐይኑ የታሰረ ትምህርት

ሒሳብና ኪነ ጥበብ አይገናኙም የሚለው እምነት ሁለት ጠበቆች አሉት። አንደኛው ጠበቃ በሥዕል ቤትና በተውኔት መድረክ አካባቢ የሚገኝ ነው። ሒሳብ ስሜትን የሚያደርቅ፣ ምናብን የሚያስር፣ የገበያና የመዝገብ ጉዳይ ነው ብሎ ያምናል፤ በልጅነቱ ከሰሌዳ ፊት ቆሞ የቀመሰውን ቅጣትም በማስረጃነት ያቀርባል። ሁለተኛው ጠበቃ በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ የሚቆም ነው። እርሱ ደግሞ ሥዕል ለጀማሪ የሚሰጥ ምርኩዝ ነው፤ የበሰለ ሰው በማረጋገጫና በቀመር ብቻ ይራመዳል ይላል። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ከበው ቡና ጠጥተው አያውቁም። ሆኖም ሳይመካከሩ በአንድ ፍርድ ተስማምተዋል፤ ይኸውም ሒሳብ የዐይን ሥራ አይደለም በሚለው ነው።

ፍርዱ ስሕተት ነው። ስሕተትነቱም ከማናቸውም ቦታ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ተማሪዎች ወደ ትምህርታቸው ፍጻሜ ሲቃረቡ በሚያገኙት፣ «ኮምፕሌክስ አናሊሲስ» እየተባለ በሚጠራው ኮርስ ላይ ነው። ከሒሳብ ቅርንጫፎች ሁሉ ለዐይን የቀረበ፣ ከመሥመርና ከክብ፣ ከመዞርና ከመለጠጥ የተሠራ አንድ ትምህርት ቢኖር ይኸው ነው። እንዴት እንደሚሰጥ ግን መመልከት ያሳዝናል። መምህሩ ሰሌዳውን ከግራ ወደ ቀኝ በቀመር ይሞላል፤ ያጠፋል፤ እንደገና ይሞላል። ተማሪው ይገለብጣል። በፈተናው ቀን ሬዚዲዩ በሚባለው ዘዴ አምስት ኢንቴግራል ያሰላል፤ አራቱን ያገኛል፤ በመልካም ውጤትም ያልፋል። ያን ተማሪ በደጅ አግኝቶ «ይህ ያሰላኸው ፋንክሽን በወረቀት ላይ የተሣለ አንድ ካሬ ቢሰጡት ምን ያደርገዋል?» ብሎ ለሚጠይቀው የሚመልስለት አያገኝም። የሰነፉ ተማሪ ዝምታ ቢሆን ባልከፋ ነበር፤ ዝም የሚለው ግን ጎበዙ ነው።

ይህ የአንድ ተቋም ወይም የአንድ አገር ጉድለት አይደለም። እንግሊዛዊው ትሪስታን ኒድሃም እ.ኤ.አ. በ1997 በሥዕሎች የተሞላ ዳጎስ ያለ የኮምፕሌክስ አናሊሲስ መጽሐፍ ያሳተመው ይኸው ልማድ በበለጸጉት አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ጭምር ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በዚህ ጉድለት ላይ ሌላ መጋረጃ ይደረብበታል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ተማሪው ነገሩን ለራሱ በሚያስረዳበት ሰዓት ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ በዚያን ጊዜ የሚያገኘው ቃል «ውስብስብ ቁጥር» የሚል ነው። ገና ደጃፉ ላይ ሳለ «ይህ የተወሳሰበ ነው» ተብሎ ይነገረዋል ማለት ነው።

በስም መጫወት ከንቱ ነው የሚል ካለ የስሙን ታሪክ ይመልከት። ከኔጌቲቭ ቁጥሮች ዳግም ዘር ለሚወጡት ቁጥሮች «ምናባዊ» የሚለውን ስም ያወጣላቸው ፈረንሳዊው ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1637 ነበር፤ ያወጣላቸውም ሊያከብራቸው አልነበረም። ምናብ ለባለቅኔ ምስጋና ሲሆን ለቁጥር ስድብ መሆኑ አስገራሚ ነው። ጀርመናዊው ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1831 ይህን ስያሜ በግልጽ ተቃወመ። እነዚህ ቁጥሮች በጨለማ የተሸፈኑ የመሰሉት በተፈጥሯቸው ሳይሆን በክፉ ስማቸው ነው አለ። አንድን «ቀጥተኛ»፣ ኔጌቲቭ አንድን «ተቃራኒ»፣ የኔጌቲቭ አንድን ዳግም ዘር ደግሞ «ጎናዊ» ብንላቸው ኖሮ ምሥጢር የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር ሲል አስረዳ። «ኮምፕሌክስ» የሚለውን ስም ያጸደቀውም እርሱ ነው፤ የፈለገውም ሁለት ነገሮች፣ ቀጥተኛውና ጎናዊው፣ በአንድነት የተያያዙበትን ቁጥር ለመግለጽ ነው። እንግዲህ ትክክለኛው አማርኛ «ውስብስብ» ሳይሆን «ጥምር» ነው። ጥምር ቁጥር ሲባል የሚፈራ ተማሪ አይኖርም፤ ጥምርነት አስቸጋሪነት አይደለምና።

ከስሙ በኋላ የሚመጣው ታሪኩ ነው፤ ኮርሱ ታሪክንም አያስተምርም። ጣሊያናዊው ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ 10ን ሲባዙ 40 በሚሰጡ ሁለት ክፍሎች ለመክፈል ሞክሮ የኔጌቲቭ 15 ዳግም ዘር ገጠመው። አሰላው፤ ትክክል ሆነለት፤ ከዚያም የረቀቀውን ያህል የማይጠቅም ነገር ነው ብሎ ተወው። ከ27 ዓመት በኋላ ረግረግ በማድረቅ ሥራ የተሰማራው መሐንዲስ ቦምቤሊ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አቀረበ፦ ሦስት ጊዜ በራሱ የተባዛው ከራሱ 15 እጥፍ በ4 የሚበልጥ ቁጥር ማን ነው? መልሱን ልጅ ያገኘዋል፤ 4 ነው፤ 64 ማለት 60 እና 4 ነውና። የዘመኑ ቀመር ግን ወደዚህ ቀላል መልስ የሚያደርሰው በኔጌቲቭ 121 ዳግም ዘር በኩል ብቻ ነበር። ቦምቤሊ ደፍሮ ገባበት። 2 ከአንድ ጎናዊ አሃድ ጋር ተደምሮ፣ 2 ደግሞ አንድ ጎናዊ አሃድ ተቀንሶለት፣ ሁለቱ ሲደመሩ ጎናዊዎቹ ተጣፍተው 4 ወጣ። ከእውን ቁጥር ተነሥቶ ወደ እውን ቁጥር የሚሄደው መንገድ በጎናዊው አገር በኩል ያልፍ ነበር። ይህን ታሪክ ያልሰማ ተማሪ እነዚህ ቁጥሮች ለምን እንደ ተፈለጉ ሳያውቅ ይመረቃል።

ይሁንና ቦምቤሊም ቢሆን አስልቶ እንጂ አይቶ አልነበረም። ያየው ቀያሽ ነው። ካስፓር ቬሰል የተባለ በዴንማርክ መሬት ሲለካ የኖረ የኖርዌይ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1797 ለዴንማርክ የሳይንስ አካዴሚ ባቀረበው ጽሑፍ እነዚህን ቁጥሮች በወረቀት ገጽ ላይ አቅጣጫና ርዝመት ያላቸው መሥመሮች አድርጎ ሣላቸው። ጽሑፉ በ1799 ታተመ፤ ከዚያም ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ተረሳ። ነገሩ ግን ሰልፍ የተሰለፈ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። «ኋላ ዙር!» የሚል ትእዛዝ ሲሰጥ ሰልፈኛው ፊቱን ወደ ተቃራኒው ያዞራል፤ ይህ በኔጌቲቭ አንድ ማባዛት ነው። «ግራ ዙር!» ሲባል ደግሞ ሩብ ዙር ይዞራል፤ ያው ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ቢደገም ሰልፈኛው ወደ ኋላ ዞሮ ይገኛል። ሁለት ጊዜ ሲደረግ ኔጌቲቭ አንድን የሚሰጠው እንግዲህ ምንድን ነው? «ግራ ዙር» ነው። የኔጌቲቭ አንድ ዳግም ዘር መንፈስም ጥላም አይደለም፤ የእግር ሥራ ነው። ለዘመናት ፈላስፎችን ያስጨነቀው እንቆቅልሽ በሰልፍ ሜዳ ላይ በግማሽ ደቂቃ የሚፈታ ሲሆን፣ በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ግን «እንበልና አንድ ቁጥር አለ» ተብሎ በትርጓሜ ይታለፋል። ጋውስም ከዚህ ነቀፌታ ነጻ አይደለም። የቁጥሮቹን ገጽ እ.ኤ.አ. በ1811 ለወዳጁ ለቤሰል በጻፈው ደብዳቤ ገልጾ ሳለ ለሕዝብ እስኪያሳትመው 20 ዓመት አለፈ። ያዩትን ደብቆ ያሰሉትን ብቻ የማሳየት ልማድ ከታላላቆቹ የተወረሰ ነው።

የትምህርቱ ልብ ግን የፈረንሳዊው ኮሺ ሥራ ነው። አንድ ፋንክሽን አንዱን ገጽ ወስዶ ሌላ ገጽ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እንደ ሸራ ይለጥጠዋል፣ ያጣጥፈዋል፣ ያዞረዋል። በዚህ ትምህርት «ዴሪቬቲቭ አለው» የሚባለው ፋንክሽን ማለት ትንሽ ክብ ሲሰጡት ትንሽ ክብ የሚመልስ፣ ሁለት መሥመሮች የተቋረጡበትን ማዕዘን ሳያዛባ የሚያሳልፍ ነው፤ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ከሚሆንባቸው ነጥቦች በስተቀር። መጠን ሊለወጥ ይችላል፤ የትንሹ ነገር ቅርጽ ግን አይለወጥም። ሥዕል የሚሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደ ተባለ ወዲያው ይገባዋል፤ ቅርጽን ጠብቆ መጠንን መለወጥ የዕለት ተዕለት ሥራው ነውና። ተማሪው ግን ይህን ሐሳብ የሚያገኘው ሁለት እኩልታዎች ሆኖ ነው፤ ሸመደዳቸው፤ ለፈተና ጻፋቸው፤ ረሳቸው።

ከዚህች አንዲት ቅድመ ሁኔታ የሚከተለው ውጤት የሚያስደንቅ ነው። የፋንክሽኑ ዋጋ በአንድ ክብ ጠርዝ ላይ ከታወቀ በክቡ ውስጥ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለው ዋጋ ሁሉ ታውቋል፤ የመኻሉ ዋጋም የጠርዙ ዋጋዎች አማካይ ነው። «ዳር ሲደፈር መኻል ዳር ይሆናል» የሚለው አባባል ስለ አገር የተነገረ ነው፤ ስለነዚህ ፋንክሽኖች ቢነገርም እውነት ነው፤ በዳር ላይ የደረሰ ለውጥ መኻሉን ሳይነካ አይቀርም። ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1825 ባወጣው ጽሑፍ ያስረዳው ሌላው ነገርም እንዲሁ በዐይን የሚታይ ነው። አንድ መንገደኛ ከአንዱ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሲሄድ የሚሰበስበው ድምር በየትኛው መንገድ እንደ ሄደ አይለይም፤ በሁለቱ መንገዶች መካከል ጉድጓድ እስከሌለ ድረስ። ጉድጓድ ካለ ልዩነቱን የሚወስነው ጉድጓዱ ብቻ ነው። ተማሪው ለፈተና የሚያሰላው ሬዚዲዩ ይኸው ጉድጓዱ የሚያስከፍለው ቀረጥ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ሳይነገረው አምስት ኢንቴግራል ያሰላ ሰው ቀረጥ ሲከፍል ውሎ ኬላው የት እንደሆነ ያላየ መንገደኛ ነው።

የሁለተኛው ጠበቃ መከራከሪያ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። «ሥዕል ያታልላል» ይላል፤ ማስረጃም አለው። ሪማን እ.ኤ.አ. በ1851 በጎቲንገን ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ ይህን ትምህርት ከቀመር ወደ ገጽ አሸጋገረው። የዳግም ዘር ፋንክሽን ለአንድ ቁጥር ሁለት መልስ ስላለው ያስቸግር ነበር፤ ሪማን ግን አንድ ገጽ ካልበቃ ሁለት ገጽ ይነባበር አለ። አነባበሮ የበላ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ሁለት እንጀራ ተነባብሮ ከመኻል እስከ ጠርዝ በአንድ መሥመር ይቆረጣል፤ የላይኛው እንጀራ የቁርጡ አንድ ከንፈር ከታችኛው ተቃራኒ ከንፈር ጋር ይጋጠማል፤ ሌሎቹ ሁለት ከንፈሮችም እንዲሁ። መኻሉን አንድ ጊዜ የዞረ ጉንዳን ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሁለተኛ ሲዞር ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ሪማን በዚሁ ጽሑፍ ቀዳዳ የሌለው ማናቸውም ቅርጽ፣ ጠርዙ የቱንም ያህል የተንሻፈፈ ቢሆን፣ ማዕዘን ሳይዛባ ወደ ክብ ሊለወጥ ይችላል አለ። ማረጋገጫው ግን ዐይን በሚያምነው፣ ነገር ግን ባልተረጋገጠ መርሕ ላይ የቆመ ነበር። ቫየርሽትራስ እ.ኤ.አ. በ1870 ያ መርሕ እንደሚታሰበው ሁልጊዜ እንደማይሠራ በምሳሌ አሳየ። ሪማን በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም፤ በ39 ዓመቱ በ1866 ዐርፏል።

«እነሆ ሥዕል ጣለው» የሚሉ አሉ። ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። በምዕተ ዓመቱ መባቻ ሂልበርት መርሑን በጥብቅ መሠረት ላይ መልሶ አቆመው፤ የቅርጾቹን ቲዎረምም ኦስጉድ እ.ኤ.አ. በ1900 አረጋገጠው። ሪማን ያየው እውነት ነበር፤ የጎደለው ማረጋገጫው ነው። ቫየርሽትራስ ባይጠይቅ ጥብቁ መሠረት ባልተጣለ ነበር፤ ሪማን ባያይ ግን የሚጠየቅ ነገር ራሱ አይኖርም ነበር። በሥዕል ላይ የሚነሣው ክርክር እንግዲህ ሥዕልን ለማባረር ሳይሆን ከማረጋገጫ ጋር ለማጋባት የሚያገለግል ነው። በዛሬው ኮርስ ውስጥ የሚታየው ግን የቫየርሽትራስ ጥያቄ የሪማን ራእይ በሌለበት ሲደገም ነው። ለጥያቄው መልስ ይጠናል፤ ጥያቄው የተጠየቀለት ነገር አይታይም።

ቫየርሽትራስን የደረቅ ሰው አብነት አድርገው የሚያቀርቡም ሰውዬውን አያውቁትም። ወደ በርሊን ከመምጣቱ በፊት ለዓመታት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆኖ ስፖርትና ቁም ጽሕፈት ጭምር ያስተምር ነበር። ሩሲያዊቷ ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ እ.ኤ.አ. በ1870 ወደ በርሊን መጥታ የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሴት በመሆንዋ ክፍል እንዳትገባ በከለከላት ጊዜ አራት ዓመት በግል ያስተማራት እርሱ ነው። እርስዋም በ1874 ከጎቲንገን ዶክትሬት አገኘች፤ በ1889 በስቶክሆልም ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነች። በዚያው ዕድሜዋ የልጅነት ትዝታዋንና ልብ ወለድ ጽፋለች፤ ከስዊድናዊቷ ደራሲ ከአን ሻርሎት ሌፍለር ጋር ተውኔት ደርሳለች። ሒሳብ ስሜትን ያደርቃል የሚለው የመጀመሪያው ጠበቃ ይህችን ሴት ከየትኛው ወገን እንደሚያስቀምጣት ቢጠየቅ ደግ ነው።

ለዚሁ ጠበቃ ከሁሉ የበለጠው መልስ ከራሱ ሙያ የሚመጣ ነው። ሆላንዳዊው አታሚ ሠዓሊ ኤሸር እ.ኤ.አ. በ1956 «የኅትመት ዐውደ ርእይ» የሚል ሥራ በድንጋይ ኅትመት ሠራ። አንድ ወጣት በዐውደ ርእይ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ይመለከታል። ሥዕሉ የወደብ ከተማ ነው፤ ከተማው ወደ ቀኝ እየሰፋ፣ እየተለጠጠ ሄዶ፣ ከቤቶቹ አንዱ ወጣቱ የቆመበት አዳራሽ ራሱ ሆኖ ይገኛል። ተመልካቹ በሚመለከተው ሥዕል ውስጥ ቆሟል። ኤሸር ከፍተኛ የሒሳብ ትምህርት አልነበረውም። ሥራውን ሲጀምር መረቡን በቀጥታ መሥመሮች ሊነድፈው ሞክሮ አልሆነለትም፤ ትንንሾቹ ካሬዎች ሲለጠጡ ካሬነታቸውን እንዲጠብቁ ፈልጎ መሥመሮቹን አጎበጣቸው። ዐይኑ የጠየቀው ይኸው ኮሺ የጠየቀውን ነበር፤ ስሙን ሳያውቅ። በሥዕሉ መኻል ግን ሊሞላው ያልቻለ ባዶ ነጭ ቦታ ቀረ፤ ፊርማውን እዚያ ላይ አኖረ።

ይህ ባዶ ቦታ ለ47 ዓመት ባዶ ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2003 በላይደን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ሌንስትራና ደ ስሚት ሥዕሉን በኮምፕሌክስ አናሊሲስ መረመሩት። የኤሸርን መረብ ወደ ኋላ ሲተረትሩት ከሥሩ ቀጥ ያለ ሥዕል ተገኘ፤ ይህም 256 ጊዜ ሲያንስ ራሱን የሚደግም ነው፤ ኤሸር በአራቱ ማዕዘኖች በእያንዳንዱ አራት እጥፍ አድርጎ ስለለጠጠው ነው። ከዚያም ሎጋሪዝም የተባለውን ፋንክሽን ወስደው፣ ውጤቱን በአንድ ተስማሚ ጥምር ቁጥር አባዝተው፣ ማለትም አዙረውና ለክተው፣ ወደ ገጹ መለሱት። የባዶው ቦታ ምሥጢርም ተገለጠ፤ በውስጡ ሙሉው ሥዕል እንደገና አለ፤ በ157.6 ዲግሪ ያህል ዞሮ፣ 22.6 ጊዜ ያህል አንሶ፤ በውስጡም ሌላ፣ በውስጡም ሌላ። ሠዓሊው በእጁ የደረሰበትንና ያቆመበትን ቦታ ሒሳቡ ቀጠለለት። የሥዕል ተማሪ ሁሉ ይህን ሊያውቅ ይገባው ነበር፤ የሒሳብ ተማሪ ደግሞ ሳያውቀው መመረቅ አልነበረበትም። የዛሬው ልማድ ሁለቱንም አሳጥቷቸዋል።

ተመሳሳይ ዕውርነት በካርታ ላይም ይታያል። መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 የነደፈው የዓለም ካርታ ግሪንላንድን ከአፍሪካ የሚስተካከል አስመስሎ ያሳያል፤ አፍሪካ ግን 14 ጊዜ ያህል ትበልጣለች። በዚህ የተቆጡ ብዙዎች ናቸው፤ ቁጣቸውም ፍትሓዊ ነው። ሆኖም ካርታው ይህን ያደረገው መርከበኛ በኮምፓስ የያዘውን ማዕዘን ሳያዛባ ለማስቀመጥ ነበር፤ ቅርጽን ጠብቆ መጠንን የሚለውጠው ያ የኮሺ ሕግ ከመጻፉ ከሁለት ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ። ትምህርት ቤት የሚሰቅለው ካርታ ለመርከበኛ የተሠራው መሆኑ ነው ስሕተቱ፤ ይህን የሚያስረዳ የሒሳብ መምህርም፣ የሚጠይቅ የጂኦግራፊ መምህርም አይገኝም።

«ጥቅሙ ምንድን ነው?» ለሚሉ ብዙ ቃል አያስፈልግም። ስታይንሜትስ የተባለው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1893 ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክን በጥምር ቁጥር ማስላት እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ የኃይል መሐንዲሶች በሌላ መንገድ አይሄዱም። ከግድብ ተነሥቶ ወደ ከተማ የሚገባው ኃይል በጎናዊ አሃድ ይሰላል። መብራት ያበራ ሰው ጥምር ቁጥር አይጠቅምም ለማለት ቢያንስ መብራቱን ማጥፋት አለበት።

የቀረው የማስተማሪያ ዘዴ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ረገድ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻም። በቅኔ ቤት ተማሪ የሌላውን ቅኔ በመሸምደድ አይሸኝም። ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ በየዕለቱ የራሱን ቅኔ እየቆጠረ ለየኔታ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ይቆጥራል። ቅኔ የሚፈጠርበት ግሥ «መቁጠር» መሆኑን ሒሳብንና ጥበብን የሚለያዩ ሰዎች ልብ ሊሉት ይገባል። ስሌቱም፣ ምርመራውም፣ ፈጠራውም በአንድ ቃል ተይዘዋል። በኮምፕሌክስ አናሊሲስ ኮርስ ውስጥ ግን ተማሪው አንድም ፋንክሽን ራሱ ነድፎ፣ ራሱ ሥሎ፣ ለመምህሩ «ይህ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ የነገረበት ቀን የለም። የቅኔው መምህር ተማሪው ሰሙን ብቻ ይዞ ቢመጣ ወርቁን ይጠይቀዋል። የሒሳቡ መምህር በሰሙ ይረካል፤ ሰሙም በትክክል ከተጻፈ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል።

«ጊዜ የለም፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ረጅም ነው» የሚለው የመጨረሻው መከላከያ ነው። ጊዜ የጠፋው ሥዕል ለመሣል ሳይሆን ያልታየውን ነገር በቃል ለማስያዝ ነው። የሚያስፈልገው ኮምፒዩተር እንኳ አይደለም፤ ባለ ካሬ ደብተር፣ እርሳስና አንድ የትምህርት ሰዓት ነው። ኮርሱ በተጀመረበት ቀን ተማሪው አግድምና ቁልቁል መሥመሮች ይሥራ፤ በየማቋረጫው ያለውን ጥምር ቁጥር በራሱ ያባዛ፤ ውጤቱን በሌላ ገጽ ላይ ያስቀምጥ፤ ነጥቦቹን ያያይዝ። ቁልቁል የነበሩት መሥመሮች ጎብጠው ወደ ግራ ይከፈታሉ፤ አግድሞቹ ወደ ቀኝ ይከፈታሉ። ሁለቱ በተገናኙበት ሁሉ እንደ ቀድሞው በቀጥ ማዕዘን ይቋረጣሉ፤ ማንም ሳያዛቸው። በአንድ ቦታ ብቻ፣ በዜሮ ላይ፣ ማዕዘኑ እጥፍ ይሆናል፤ ቀጥ ያለው ማዕዘን ተከፍቶ አንድ ቀጥታ መሥመር ይሆናል። ተማሪው እርሳሱን አስቀምጦ «እዚህ ላይ ብቻ ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ ጠመኔውን አንሥቶ የመጀመሪያውን ቀመር የሚጽፈው ያን ጊዜ ነው።